ታፋው ለሟሸሸ ውሻ፦ ከሐይቅ ዳር የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ውሻህ ጃክ የኋላ ታፋው እየሟሸሸ፣ የዳሌው አጥንት እየወጣ መሄዱን ነግረኸኝ «ጋሼ፣ ምን ላብላው?» ብለሃል። ጥያቄህ የሰፈሩ ሁሉ ጥያቄ ነው። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ግቢ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ውሻም አለው፤ ውሻው ሲከሳ ቀድሞ የሚታሰበው ሥጋ ቤት መሄድ ነው። ሰውነቱ በሙሉ የከሳ ውሻ ምግብ አንሶት ሊሆን ይችላል። ደረቱና ትከሻው ሞልቶ ኋላው ብቻ የሟሸሸ ውሻ ግን እግሩን በደንብ እንዳይረግጥ ያደረገው ነገር አለ። ያን ነገር ሳታገኝ የምታበላው ሥጋ ሆዱ ላይ ስብ ሆኖ ይቀራል፤ ታፋው እንደከሳ ነው። በእንስሳት ጤና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና የማውቀውን በተራ ቁጥር ልጻፍልህ። ተራውን አትዝለል።

፩፤ ከመንካትህ በፊት ጊዜውን ቁጠር።

ታፋ በሁለት ቀን አይሟሽሽም። የጡንቻ መክሳት የሳምንታትና የወራት ነገር ነው። ትናንት ሲሮጥ የነበረ ውሻ ዛሬ ኋላው ከተንገዳገደና ነገ ከወደቀ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረውም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰው የሚያውቀው የሚናከሰውንና የሚቅበዘበዘውን ዓይነት ነው፤ ዝም ብሎ የሚሰልለውም አለ። ድምፁ ይለወጣል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ አትንካ። በር ዝጋበት፣ ልጆች አርቅ፣ ለእንስሳት ሐኪም ንገር። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ የታየበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል።

እብደት ባይሆን እንኳ በአንድ ቀን ሁለት የኋላ እግሩ የከዳው፣ ሽንትም የያዘው ውሻ አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ለነገ አይባልም። ጃክ ግን፣ እንዳልከኝ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀስ እያለ የከሳ ነው። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ የእብደት ክትባቱ ጊዜው ካለፈ ሐኪም ዘንድ ስትወስደው አብረህ አስከትበው።

፪፤ በዓይንህ አትመን፤ በእጅህ ዳስስ፣ በሜትር ለካ።

ፀጉሩ የበዛ ውሻ ጡንቻው ግማሽ እስኪሄድ ድረስ ያታልላል። የሚያምነው ሰው ከፊት አንገቱን ይያዝልህ፤ አንተ ከኋላ ቁም፤ አራቱም እግሮቹ እኩል ይርገጡ። ሁለት መዳፎችህን በሁለቱ ታፋዎች ላይ አድርግና ከዳሌው ወደ ጉልበቱ ቀስ ብለህ አውርድ። ጤነኛ ታፋ መዳፍ ይሞላል፤ ጫን ስትለው ይገፋሃል። የሟሸሸው ላይ ጣትህ ቶሎ አጥንት ያገኛል፤ ከጭኑ አጥንት በስተኋላ ያለው ሥጋ ሳስቶ ቆዳ ከቆዳ የተገናኘ ይመስልሃል። ከዚያ ወገቡን፣ በጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ ዳስስ። እሱም ጎድጉዶ ከሆነ ነገሩ ከእግር አልፎ ወደ አከርካሪ ወይም ወደ ሰውነቱ ሁሉ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ ልብስ ሰፊዎች የሚይዙትን ሜትር አምጣ። ከዳሌው አጥንት ጫፍ እስከ ጉልበቱ ያለውን ርዝመት ለካና ከላይ 70 በመቶው ላይ ምልክት አድርግ፤ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 14ኛው ላይ ማለት ነው። እዚያ ላይ ዙሪያውን ሳታጠብቅ ለካ። ሁለቱንም እግር፣ ቆሞ ሳለ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ለክተህ አማካዩን ደብተር ላይ ጻፍ፤ በየሁለት ሳምንቱም ድገም። ሚዛን ብቻ ይዘህ አትፍረድ። ጡንቻው ወርዶ በቦታው ስብ ሲገባ ኪሎው ያው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው «አልከሳም እኮ» የሚለው ለዚህ ነው።

፫፤ አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰድ፤ የምርመራው ግማሽ ይህ ነው።

አንዱ ብቻ ከከሳ እዚያው እግር ላይ ምክንያት ፈልግ። በእኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚታሰበው ባጃጅ ነው። ተገጭቶ አጥንቱ ተሰብሮ፣ ማንም ሳያስረው ጠምሞ የገጠመ ውሻ በየመንገዱ ታያለህ። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አካባቢ የሚዞር ውሻ ከሆነ ደግሞ መዳፉን ገልጠህ በጣቶቹ መካከል እይ፤ የተሰካ መንጠቆና በክር የታነቀ ጣት አይታጣም። ሦስተኛው የጉልበት ጅማት ነው። ጦጣ አባሮ በድንገት ሲታጠፍ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ይበጠሳል፤ በከባድና በወፈረ ውሻ ላይ ደግሞ ምንም ሳይሮጥ እያለቀ እያለቀ ይቆረጣል። ምልክቱን ላሳይህ፦ ሲቆም እግሩን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ያስነካል። ሲቀመጥ እግሩን ከሥሩ አያጥፍም፣ ወደ ጎን ይጥለዋል። ጉልበቱ በውስጥ በኩል አበጥ ይላል። እንዲህ ያለው እግር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ታፋው ይሟሽሻል። ከ15 ኪሎ በታች የሆነ ውሻ በዕረፍትና ቀስ ባለ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፤ ትልቁ ውሻ ግን ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ጉልበቱ ይላወሳል፣ መገጣጠሚያው ያረጃል፣ ክብደቱን የተሸከመው የሌላው ጉልበት ጅማትም ብዙ ጊዜ ተራውን ይበጠሳል።

ሁለቱም ከከሱ ዕድሜውን ጠይቅ። ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት የሆነው የፈረንጅ ዘር ወይም ድቅል፣ በተለይ ጀርመን ሸፐርድ፣ ሲነሣ በፊት እግሮቹ ራሱን የሚጎትት፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ የሚያነሣ ከሆነ የዳሌ መገጣጠሚያው አለመግጠም ይጠረጠራል። የጭኑ ራስ ከጎድጓዳው ጋር ሳይስማማ ሲፋተግ ያመዋል፤ ስላመመው ክብደቱን ወደ ፊት ያዞራል። ጤነኛ ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን በፊት፣ 40 በመቶ ያህሉን በኋላ እግሮቹ ይሸከማል። ኋላው ሲያመው የፊቱ ድርሻ ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ደረቱና ትከሻው እየደነደነ ኋላው የሚያልቀው። ያረጀ ውሻ ላይ ይኸው ታሪክ በመገጣጠሚያ ማርጀት ይመጣል።

ሕመም የሌለው ግን ሌላ ነው፤ አስተውል። ጃክ 8 ዓመት አልፎታል ብለሃል። ስታንቀሳቅሰው ሳይቆጣ፣ ሳያለቅስ፣ የኋላ እግሩን ብቻ የሚጎትት ከሆነ ነርቩን ጠርጥር። አስፋልት ላይ ስታስኬደው ጆሮህን ጣል፤ ጥፍሩ በየእርምጃው መሬቱን ሲፍቀው ይሰማል። ጥፍሮቹን ገልብጠህ ስታይ የመካከለኞቹ የላይኛው ገጽ ተልጦ ታገኛለህ። ቆሞ ሳለ ሆዱን ደግፈህ የአንድ እግሩን መዳፍ ገልብጥና ጀርባው መሬት እንዲነካ አድርግ። ጤነኛው ወዲያው ይመልሰዋል፤ ነርቩ የተጎዳው እንደተገለበጠ ይቆማል። በጀርመን ሸፐርድ ላይ በእርጅና የሚመጣ፣ የጀርባ ገመዱ ቀስ በቀስ የሚያልቅበት ዲጀነሬቲቭ ማየሎፓቲ የሚባል በሽታ አለ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1973 የገለጹት ሲሆን በ2009 ከአንድ የዘር ለውጥ ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ፈውስ የለውም፤ የሚደረግለት ግን አለ፣ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ነርቭ ሲቆረጥ ወይም ሲታነቅ ጡንቻው በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ በግልጽ ይወርዳል። በአለመርገጥ ብቻ የሚከሳው ዝግ ይላል። የጊዜው ፍጥነት ራሱ ምስክር ነው።

ቡችላ ከሆነ ደግሞ፣ ለአንተ ባይሆንም ለጎረቤትህ ንገር፣ ኒዮስፖራ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ የኋላ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ያደርቃቸዋል። ዲስቴምፐርም አለ፤ እሱም ውሻውን ያንዘፈዝፈዋል፣ ኋላውን ያደክመዋል። ይህ የፈረንጅ አገር በሽታ ብቻ አይምሰልህ። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ቀይ ቀበሮዎችን የገደለው ከውሾች የተሻገረ ዲስቴምፐር ነው። ኩላሊት፣ ልብ፣ ስኳር፣ የአንጀት ትል፣ ዕጢ ደግሞ ሰውነቱን ሁሉ ያከሳሉ፤ ኋላው ግን ቶሎ ስለሚታይ ሰው እግሩን ይከስሳል።

፬፤ ሰንሰለቱን ፍታ።

ይህን ስነግርህ አትቀየመኝ። ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ፣ ማታ ለጥበቃ የሚፈታ ውሻ ኋላው የሚከሳው ሌላ በሽታ ኖሮበት ላይሆን ይችላል። ጡንቻ ካልሠራ ይወርዳል፤ የሰውም እንዲሁ ነው። ግቢውን ዝጋና ቀንም ይዙር። እንግዳ ያስቸግራል ካልክ ከአጥር እስከ አጥር ሽቦ ዘርጋና ማሰሪያው በቀለበት እየተንሸራተተ ይሂድ፤ ቢያንስ 10 ሜትር ይመላለሳል። «ውሻ ሲታሰር ይቆጣል፣ ጥሩ ጠባቂ ይሆናል» የሚሉህን አትስማ። ኋላው የከዳው ውሻ ሌባ አያባርርም።

፭፤ የቤትህን ኪኒን አትስጠው።

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ፓራሲታሞል፤ ሦስቱም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሉ፣ ሦስቱም ውሻ ይጎዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨጓራውን አቁስለው ያደሙታል፣ ኩላሊቱን ያበላሻሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱንና ደሙን ይነካል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም ነው፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ውሰደው።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራልህ «ዴክሳ» የሚሉትን መርፌ ነው፣ ዴክሳሜታዞን። ተወግቶ ባደረ ማግስት ውሻው ተነሥቶ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ በሳምንቱ ይደገማል። ይህ መድኃኒት ሐኪም በልኩ ሲያዝዘው ሕይወት ያድናል፤ ሲደጋገም ግን ራሱ ጡንቻ ይበላል። ሆዱ ይንዘረጠጣል፣ ውኃ ያበዛል፣ ታፋው ከነበረውም ይብሳል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነውና እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይንገርህ። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተወጋ ሳትደብቅ ተናገር።

፮፤ አሁን ወደ ጥያቄህ፤ ምን ይብላ?

ፕሮቲን ይብላ፣ አይወፍር። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። «ላረጀ ውሻ ሥጋ ቀንስ» የሚለው ምክር ኩላሊቱ ለታመመ ነው፤ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሽማግሌ ውሻ ከጎረምሳው የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

በዚህ በኩል የሐዋሳ ውሻ ዕድለኛ ነው። 25 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ጥሬው ሲመዘን 300 ግራም ያህል የዓሣ ሥጋ 55 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ይሰጠዋል፤ ለቀኑ ይበቃዋል። አምባዛ ካገኘህ እሾሁ ስለሚያንስ ይሻላል፤ ቆሮሶ ከሆነ ቀቅለህ በጣትህ ፈልፍለህ የጎድን እሾሁን አውጣ። ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው። ውኃውን አትድፋ፣ እንጀራውን አርስበት። ጥሬ የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት ከገበያ ለቅመህ አታብላው፤ እሱ ለአባ ኮዳ አሞራ ይቅር፣ መንጠቆም አይጠፋውም። እንቁላል ቀቅለህ አንድ በቀን ጣል ብታደርግለት መልካም።

የጾሙን ነገር አስብ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ቤት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ሲቀር ውሻውም ያለ ፈቃዱ ይጾማል፤ እንጀራና የሽሮ ትራፊ ብቻ ይበላል። ጤነኛው ይችለዋል። ታፋው መሟሸሽ የጀመረው ግን በሁለት ወር ውስጥ የነበረችውን ጡንቻ ያጣታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቼ፣ ውሻ ጾም የለበትምና ድርሻውን ለይተህ ቀቅልለት። በፋሲካ ማግስት ደግሞ የሰፈሩን አጥንት ሁሉ አታሸክመው፤ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። ጥሬ ሳንባና ጉበትም ከቄራ አታምጣ፤ በውስጡ ያለው ውኃ የቋጠረ እባጭ ትሉን ለውሻው፣ ከውሻው ደግሞ ለልጆችህ ያስተላልፋል።

ወጡን ደግሞ ተው። የእኛ ወጥ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲገባ ደሙ ይሳሳል፣ ውሻው ይደክማል፣ ድካሙም ከእግሩ ድክመት ጋር ተደባልቆ ያሳስትሃል።

ስለ ውፍረት አንድ ማስረጃ ልንገርህና እንለፍ። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው ጀምሮ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተያዙ፤ ከጥንዱ አንዱ ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ እየበላ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት ትንሽ የበሉት 1.8 ዓመት ያህል በልጠው ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። የጃክን ጎድን ስትዳስስ አጥንቶቹ ያለ ግፊት ሊቆጠሩ ይገባል።

፯፤ አስኪደው፤ ግን በቀስታ።

ሕመሙ በሐኪም ከታየና «ይሂድ» ከተባለ በኋላ ጡንቻውን የሚመልሰው መራመድ ብቻ ነው። በፍጥነት ካስኬድከው የታመመውን እግር አንሥቶ በሦስቱ ይዘላል፤ በቀስታ ሲሄድ ግን አራቱንም ለማስነካት ይገደዳል። ስለዚህ ማሰሪያውን አሳጥረህ ይዘህ እንደ ሽማግሌ ተራመድ። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በማግስቱ ካላነከሰ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጨምር፤ ካነከሰ ወደ ኋላ ተመለስ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታና አመሻሽ ላይ ይሁን፤ በዚህ ሙቀት ቀትር ላይ አስፋልቱ መዳፉን ይልጠዋል። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ሰው ስለሚበዛ ጠዋት ማልደህ ሂድ።

ሲለምደው ዳገት ጨምር። ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ታፋው ይሠራል። የታቦር ተራራ ሥር ያሉት ለስላሳ ዳገቶች ይበቃሉ፤ ቀጥ ብለህ አትውጣ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዝክ ውጣ። ቁልቁለቱን ዝግ በል፤ የፊት እግሮቹን ይጎዳል።

ቤት ውስጥ ሁለት ነገር አሠራው። አንደኛው ተቀመጥ፣ ተነሥ ነው፤ ትከሻህ ላይ ሳይደገፍ፣ በቁራሽ ዓሣ እያባበልክ፣ አምስት ጊዜ። ሁለተኛው፣ አራት ቀጫጭን ሸምበቆዎች በአንድ እርምጃ ልዩነት መሬት ላይ አጋድምና በላያቸው ይራመድ፤ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አታድርጋቸው። እግሩን ማንሣትና የት እንዳሳረፈ ማወቅ ይለምዳል። ኋላው የሚወድቅ ከሆነ አሮጌ ፎጣ ከሆዱ ሥር፣ ከታፋው ፊት አሳልፈህ በላይ ያዝለት፤ አትሸከመው፣ ሲንገዳገድ ብቻ ደግፈው።

ጡንቻ በወር ይጠፋል፣ በሦስት ወርም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላየህ አትማረር፣ ሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጭማሪ ካሳየህ በትክክል እየሄድክ ነው።

፰፤ ስለ ሐይቁ።

እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ሐይቁ ደጃችን ነው፣ ውኃ ደግሞ ለዚህ ሕመም ምርጥ መድኃኒት ነው። ውሻ እስከ ዳሌው ውኃ ውስጥ ሲቆም እግሮቹ የሚሸከሙት ከክብደቱ 38 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ሲሆን 85 በመቶ። በውጭ አገር ለዚሁ ብለው በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ መርገጫ ሠርተዋል።

ነገር ግን ውሻውን እስከ ዳሌው ስታስገባ አንተ እስከ ጉልበትህ ትገባለህ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ትሉ በቆዳ ይገባል፣ መጠጣት አያስፈልገውም። ዓሣ አጥማጆቹ ልጆች በብዛት የሚታመሙትም ለዚህ ነው። ጉማሬም አለ፤ ጠዋትና ማታ፣ ልክ አንተ በምትሄድበት ሰዓት፣ ወደ ዳር ይወጣል። ኋላው የከዳው ውሻ ደግሞ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ አይሆንም። ግቢህ ውስጥ የግንባታ ገንዳ ካለህ በቧንቧ ውኃ ሞልተህ ለብ ሲል አቁመው፤ ከሐይቅ የተቀዳ ውኃ ከሆነ ሁለት ቀን ሳይነካ ይቀመጥ፣ ትሉ ያኔ ይሞታል። ገንዳ ከሌለህ አትጨነቅ፤ ዳገቱ ይበቃሃል።

፱፤ ሴራሚክ ላይ አታስተኛው።

የሚያንሸራትት ወለል የደከመ ኋላ ጠላት ነው። ከሚተኛበት እስከ ምግቡ ጆንያ ወይም ሰሌን አንጥፍ። ጥፍሩን ቁረጥ፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ፀጉር አሳጥር። ይኸው ነው።

፲፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ።

ከከተማችን የተሻለ ዕድል ያላቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ አለው። ከዚያ ከከበደ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ ነው። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ውሏቸው ከከብትና ከዶሮ ጋር ነውና የውሻ ጉልበት በየቀኑ አያዩም፤ በተዘጋጀ ማስረጃ አግዛቸው። በስልክህ ከጎን፣ ከኋላና ከፊት፣ በቀስታ ሲሄድ አንድ አንድ ደቂቃ ቅረጽ፤ ሲነሣ ደግሞ ለብቻው። ሐኪም ቤት ሲደርስ በፍርሃት ሕመሙን ስለሚደብቅ ቪዲዮው ያስፈልጋል። የልኬት ደብተርህን፣ የክትባት ወረቀቱን፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ካርቶን ያዝ። ታማሚ ውሻ ሲነካ የገዛ ጌታውን ይነክሳልና አፉን በጨርቅ ሸብበው። «ቫይታሚን እንውጋው» ብቻ ተብለህ ጉልበቱና ዳሌው ሳይነካ፣ መዳፉ ሳይገለበጥ ከወጣህ አልታየም ማለት ነው፤ በአክብሮት «ጉልበቱን ይዩልኝ» በል። ራጅ ከተባለና ከተገኘ ክፈል፤ ከአሥር መርፌ ይረክሳል።

፲፩፤ የማይመለስ ከሆነም አውጥተህ አትጣለው።

ነርቩ እያለቀ ነው ከተባለ ፈውስ አትፈልግ፣ ጊዜ ፈልግ። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በዲጀነሬቲቭ ማየሎፓቲ የተጠረጠሩ 22 ውሾችን ተከታትሎ ነበር። በየቀኑ በደንብ የተንቀሳቀሱትና የታሹት ምልክቱ ከታየ በኋላ በአማካይ 255 ቀን፣ መካከለኛ የተደረገላቸው 130 ቀን፣ ምንም ያልተደረገላቸው 55 ቀን ቆዩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ለጠዋት ጉዞ መነሣት የሚያበቃ ነው ባይ ነኝ።

ሽንቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ የተኛበት ጎኑ ሲቆስል፣ ምግብ ሲያይ ጅራቱ መንቀሳቀስ ሲተው፣ ሐኪሙ በመርፌ ያለ ሥቃይ ያሳርፈው። በሰፈራችን ያረጀ ውሻን በባጃጅ ጭኖ ዓሣ ገበያ አጠገብ ጥሎ መመለስን ምሕረት ያደረገ ሰው አለ። ምሕረት አይደለም። ስምንት ዓመት በርህን የጠበቀ እንስሳ መርዝና መኪና እንዲጨርሰው አይሰጥም።

ለጊዜው ግን ጃክ እዚህ አልደረሰም፤ ቆሞ ይሄዳል፣ ይበላል። ዛሬ ማታ ሰንሰለቱን ፍታ፣ መዳፉን ገልብጠህ ሞክር፣ ሁለቱንም ታፋ ለካ። ቁጥሮቹንና ቪዲዮውን ላክልኝና ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አብሬህ እሄዳለሁ።